ለሽማግሌ የቀረበ መራራ ሻይ

ፀሐዬ ሳምራዊትን የወደዳት የማንጎ ጭማቂ ጀርባ ስታነብ አይቷት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሰው ቤት ለሚሠሩ ሐበሾች ሐሙስ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ በሮም ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ያን ቀን አማርኛ ከጣሊያንኛ ይበልጣል። ፀሐዬ የሚሠራው ብሩኖ በሚባል ሰው መደብ ላይ ነው፤ ቅመም፣ የደረቀ ፍራፍሬና ከየአገሩ የመጣ የታሸገ መጠጥ ይሸጣል።

ልጅቷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯን በቀስታ እያንቀሳቀሰች ታነባለች።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት።

«ማንጎው።»

«ጭማቂው ራሱ ማንጎ ነው እኮ።»

«ማንጎ ሦስተኛ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ይላል። ከማንጎው በኋላ ደግሞ ስሙን ቀይሮ የመጣ ስኳር አለ፤ የግሉኮስ ሽሮፕ ይሉታል።»

ፀሐዬ ያን ጭማቂ ሲሸጥ ኖሮ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ እንዳለው እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም።

«ለአክስቴ ነው» አለች። «ሐኪሙ ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ውሃ አይጠማቸውም፤ የሚጠማቸው አራንቻታ፣ የብርቱካን ለስላሳ ነው።»

«ታዲያ ማር ልስጥሽ። ማር የተፈጥሮ ነው።»

«የተፈጥሮ ስኳር ነዋ።»

ማሩን ወደ ቦታው መለሰ። እሷም አይታ ፈገግ አለች። ፀሐዬ ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተወው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቀረፋና ቅርንፉድ ጠቅልሎ ጠበቃት። «እነዚህ አብረው ሲፈሉ ምላስን ይሸነግላሉ» አላት፤ ሳምንቱን ሲያነብ ነው የከረመው። ከኪሱም ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «ይሄ ደግሞ ስቴቪያ ነው፤ ከቅጠል የሚወጣ። ጠብ ሲያደርጉት ያጣፍጣል፤ ስኳር ግን የለበትም።»

ከዚያ ወዲያ ደንበኛውን ሁሉ እያስቆመ የመጠጥ ጀርባ ያስነብብ ጀመር።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለው ብሩኖ፣ «አንተ የምትሸጥልኝ ነህ ወይስ ገዢ የምትመልስብኝ?»

አንዳንድ ሐሙስ ሁለቱ ምንም ሳይነጋገሩ አንድ ጠርሙስ ይዘው ያነባሉ። ጭንቅላታቸው ይቀራረባል። ጽሑፉ ደቃቅ በመሆኑ ፀሐዬ ፋብሪካውን በልቡ ያመሰግን ነበር።

«እንጋባ» አላት አንድ ቀን ተምር እየመዘነ። ሳያየው ተምሩን ከልክ በላይ ጨመረበት።

ሳምራዊት እሱን ትታ ሚዛኑን አየች። «ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ሽማግሌ ላክ። እምቢ ካሉ ግን እኔም አልወጣም። ከአሁኑ እወቀው።»

ፀሐዬ አቶ ተክለጻድቅንና አቶ ተኪኤን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ሁለቱ አዛውንት ከረባት አስረው እሑድ ጠዋት በትራም አክስትየዋ ወደሚኖሩበት ወደ ኤስኲሊኖ ሰፈር ሄዱ።

የሳምራዊት አክስት እትዬ አበራሽ በክብር ተቀበሏቸው። ጥያቄውን ሰሙ፤ እንደ ደንቡም «ዘመድ ላማክርና ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ» አሉ። ሳምራዊት ሻይ ይዛ ገባች። ስለ እሷ ሊነጋገሩ በመጡ ሰዎች ፊት ቃል መተንፈስ አፍራ፣ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ማድቤት ሮጠች።

አቶ ተክለጻድቅ ቀመሱ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። አቶ ተኪኤ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትሪው ላይ ስኳር የለም። ሳምራዊት በዚያ ሳምንት የቤቱን ስኳር ጠራርጋ ለጎረቤት ሰጥታ ነበር። እትዬ አበራሽ ግን የእንግዶቹ ሻይ ማድቤት ውስጥ ስኳር የገባበት መስሏቸዋል። ትሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ጠርሙስ ደግሞ ሁለቱ አዛውንት የሴትዮዋ የዓይን መድኃኒት ናት ብለው አለፏት። ሰው ቤት ገብቶ ስኳር አምጡልኝ አይባልም። ብርጭቆው እስኪደርቅ ጠጡ፤ አመስግነው ወጡ።

«ልጄ፣ አልፈለጉህም» አሉት አቶ ተክለጻድቅ ተመልሰው ፀሐዬን ሲያገኙት።

«እንዲህ አሉ?»

«በአፋቸውማ ተመለሱ ነው ያሉት፤ ጨዋ ናቸው። ሻዩ ግን ተናገረ።»

«ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ጠጥቼ አላውቅም» አሉ አቶ ተኪኤ። «ሰው ልጁን ሊሰጥ ካሰበ ማንኪያው እስኪቆም ነው ስኳር የሚጨምረው።»

በተቀጠረው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ። እትዬ አበራሽ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው እስኪመሽ ጠበቁ። ከዚያ «ጠይቆ መጥፋት» አሉ፤ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ነጠላቸውን አጣጠፉ።

ሐሙስ ሳምራዊት መደቡ ፊት ቆመች። ፀሐዬ ከለውዙ ላይ ቀና አላለም።

«ሽማግሌዎችህ የት ገቡ?»

«መልሳቸውን አግኝተው ቀሩ።»

«ማን ነው የመለሰላቸው?»

«ሻዩ።»

ጠጋ አለች። ከዚያ በቀስታ፣ «ስቴቪያውን አልጨመሩበትም?»

«የቱን ስቴቪያ?»

«ጠርሙሷን ፊታቸው አስቀምጬላቸዋለሁ እኮ።»

ፀሐዬ አሁን ቀና አለ። «አቶ ተኪኤ፣ ሴትዮዋ የዓይን መድኃኒታቸውን እንኳ ሳያነሱ ነው ያስተናገዱን ብለውኛል።»

ሳምራዊት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁ ግን አመለጣት። እሱም ሳቀ። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

«አክስቴ ግን አልሳቁም። ተዋርጃለሁ ነው የሚሉት። በሩን ራሱ ይከፍቱላችሁ እንደሆነ እንጃ።»

እንደ ደንቡ ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ይቅርታ ለመጠየቅ እንዲመለሱ ሲለምናቸው ግን ሁለቱ አዛውንት «ካንተ ጋር ካልሆነ እግራችን አይነሳም» አሉት።

እትዬ አበራሽ በሩን ከፈቱ። ይቅርታውንም ማብራሪያውንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ከክረምት ካፖርታቸው ኪስ አንድ ከረጢት ስኳር ይዘው ተመለሱ። ሳምራዊት ማድቤቱ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

«የኔ ቤት ሻይ መራራ ነው አላችሁ» አሉ። ለአቶ ተክለጻድቅ ሦስት ማንኪያ፣ ለአቶ ተኪኤ አራት ጨመሩ። ማንኪያውን እንደገና ሞልተው ወደ ራሳቸው ብርጭቆ ወሰዱት፤ ከመገልበጣቸው በፊት ግን ወደ ፀሐዬ ዞሩ።

«ላንተስ ስንት ይሁን?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዙ በል ብለው በዓይናቸው ለመኑት። ፀሐዬ ሳምራዊትን አየ። ምንም ምልክት አልሰጠችውም፤ የምታየው የአክስቷን እጅ ነበር።

«ለኔ ይቅርብኝ፣ እትዬ።»

አቶ ተክለጻድቅን ሳል ያዛቸው።

«ይቅርብኝ?»

«እርስዎም ስኳሩን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ሰርጋችን ላይ በጤና ቆመው እንዲመርቁን ነው።»

«ገና ሳልሰጥህ ሰርግ?»

«ይቅርታ።» ላብ በላብ ሆነ። «ሳይሰጡኝም ቢሆን ይቅርብዎት።»

ታች መንገድ ላይ ትራም ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ አበራሽ የሞላውን ማንኪያ እንደያዙ ልጁን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ስኳሩን ቀስ ብለው ወደ ከረጢቱ መለሱት።

«ሽማግሌዎች፣ ሰምታችኋል» አሉ። «ከልጄ ጋር አሲሮብኛል። ማሴራቸው ካልቀረ አንድ ጣራ ሥር ገብተው ያሲሩብኝ።»

አቶ ተኪኤ ባለ አራት ማንኪያ ሻያቸውን በደስታ ጨለጡት። ሳምራዊት መጥታ ከረጢቱን አነሳች፤ ስታልፍ እጇ የፀሐዬን ትከሻ ነካ አደረገ። ማንም ያላየ መስሏታል፤ ሁሉም አይተዋል።

እትዬ አበራሽ የራሳቸውን ሻይ ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «በደስታ ነው።»