አራቱ ፋሸታዎች

ኢንስፔክተር የሻረግ የድንቹን ልጣጭ ሳይበጠስ ከጫፍ ጫፍ ልታደርሰው ቢላዋዋን ቀስ አድርጋ ስታዞር ስልኳ ጠራ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ እንጅባራን ዝናብ ይዟታል። የደወለው የዳንግላው ተረኛ መርማሪ ነበር። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ቀብር ማግስት ከለቅሶው ተነሥተው ወደ ጣቢያው መምጣታቸውን፣ «ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ» ማለታቸውን ነገራት።

«ቃላቸውን ተቀብዬ አሰርኋቸው» አለ። «ክስ ከተመሠረተባቸው ቀሪ ዕድሜያቸው እዚያው ያልቃል። ለእኔ ግን ነገሩ አልገጠመልኝም። እርስዎ ቢያዩት።»

ድንቹን ልጣ ጨረሰችና ሚኒባስ ፍለጋ ወጣች።

ሽማግሌው ጋሽ አድማሴ ናቸው፤ በዳንግላ አርባ ዓመት መኪና የጠገኑ። እጃቸውን የማያደንቅ፣ ምላሳቸውን የማይፈራ አልነበረም። ሃያ ዓመት ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የራሳቸውን አሮጌ ፔጆ ሊያስነሱ፣ ከተገለበጠ ቶዮታ የወጣ ሞተር ገዝተውለት ነበር። የድሮው ሞተር ቤንዚኑን በቀስታ እየሳበ ይጠጣል። አዲሱ ግን ፓምፕ በኃይል ካልገፋለት አይሠራም። ስለዚህ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው እስከ ሞተሩ ሁለት አዲስ መስመር ዘረጉ፤ አንዱ ቤንዚን የሚያመጣ፣ አንዱ ትርፉን የሚመልስ። ሁለቱም ከሞተሩ ጋር የሚገናኙት በጎማ ቱቦ ነው። የየቱቦው ጫፍና ጫፍ ፋሸታ በሚሉት የብረት ቀለበት ይታሰርና ብሎኑ በካቻቢቴ ይጠብቃል።

ረቡዕ ሞተሩ ወደ ቦታው ወረደ። ሐሙስ ጋሽ አድማሴ ለዘመድ ለቅሶ ጥሊሊ ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸው ይሄነው አባቱን በራሳቸው መኪና ሊያመጣ ተነሣ። አዲስ ቅዳምን አልፎ ዳገቱን እንደጀመረ ፔጆው በእሳት ተያያዘ። ከሰል ጫኞች ደርሰው መስታወቱን ሲሰብሩ፣ የይሄነው እጅ የበሩን መክፈቻ እንደጨበጠ እዚያው ላይ ተጣብቆ አገኙት።

የሻረግ መጀመሪያ ከሽማግሌው ጋር ተቀመጠች። አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ ዐይናቸው ደክሞ ፋሸታውን ሳያጠብቁ እንደቀሩ ነገሯት። ማጥበቃቸውን ግን ያስታውሱ እንደሆን ስትጠይቃቸው፣ አዎ፣ ያስታውሳሉ፤ ግን ልጁን ያቃጠለ ሰው ትዝታ ምን ይታመናል አሏት።

«ዐይንዎ መድከሙን ማን ነገረዎት?»

«ካሳው። መቃብሩ ላይ፣ አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ።»

ካሳው ከእሳቸው ጋር አሥራ ስምንት ዓመት የሠራ ዋና ረዳታቸው ነው። ጋራዡ ውስጥ እጁን በሳሙና ሲያሽ አገኘችው። ከአደጋው ወዲህ የተቃጠለውን መኪና አላየም፤ ማየትም አልፈለገም።

«ረቡዕ፣ ሞተሩን ከማውረዳችን በፊት በዐይኔ አይቻለሁ» አላት። «የማምጫው ቱቦ ፋሸታ፣ ብሎኑ ወደ ላይ የዞረው፣ ላልቶ ነበር። ጋሼ፣ ይሄ አልጠበቀም አልኋቸው። አንተን ማን ጠየቀህ አሉኝ።»

«ከዚያ ወዲህ ኮፈኑን ከፍተሃል?»

«የእሳቸውን ሥራ መንካት? ጣት ያስቆርጣል።»

በዚያው ግቢ ብየዳ የሚሠራው ሙሐባው ግን ተጨንቆ ነበር። ቱቦውን ከባሕር ዳር ገዝቶ ያመጣው እሱ በመሆኑ የሰው ዐይን ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነው። የተረፈውን ቁራጭ አውጥቶ አሳያት፤ ወፍራም፣ በመሐሉ ክር የተሸመነበት። ቱቦው ለኃይለኛ ፓምፕ የተሠራ መሆኑንና ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ለእህቱ ለኢክላስ ሠርግ ፓዌ እንደነበር ነገራት። ሠርገኛ ሁሉ ምስክሩ ነው። ስለ ካሳው ስትጠይቀው ጥቂት አመነታ።

«ጋሽ አድማሴ ደንበኛ ፊት ‹ያንን ጨርቅ ጥሩልኝ› ይሉታል። እጃቸውን በሸሚዙ የጠረጉበት ቀን አለ። አሥር ዓመት የተመላለሰ ሹፌር፣ ለካ ስሙ ካሳው ነው ብሎኝ ያውቃል።»

የይሄነው ሚስት ሶስና ዓርብ ማታ ከባሏ ጋር መጣላቷን ጎረቤት ሰምቷል። አልካደችም።

«አባባ ደንብ አላቸው፤ መስመር የዘረጋ መጀመሪያ እሱ ይንዳ ይላሉ። ይሄነው ደግሞ ሊያስደንቃቸው ፈለገ። ተው፣ ቀድመሃቸው አትንዳ አልሁት።»

ረቡዕ ምሳ ስታደርስ ያየችውንም ነገረቻት። ሞተሩ ገና በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ ሽማግሌው ፓምፑን አስነሥተው፣ ከቱቦዎቹ ሥር ጋዜጣ አንጥፈው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብታ ሲጠብቁ ነበር። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ተነሣ።

ማክሰኞ ጠዋት የሻረግ በጣቢያው ግቢ የቆመውን የተቃጠለ ፔጆ ኮፈን በብረት አስፈለቀቀች። እሳቱ አጣብቆት እስከዚያ ሰዓት ማንም አልከፈተውም። ጎማው ሁሉ አመድ ሆኗል። አራቱ ፋሸታዎች ግን ጠቁረው በየቦታቸው አሉ፤ ሁለቱ ብሎናቸው ወደ መሬት፣ ሁለቱ ወደ ሰማይ። ከአንዱ ሥር የተቆነጠጠች ስስ የጎማ ቅሪት በወረንጦ አወጣች። ከዚያ አራቱንም ሰዎች መኪናው ዘንድ አስጠራቻቸው።

«ጋሽ አድማሴ፣ ፋሸታ ሲያስሩ ብሎኑን ወዴት ነው የሚያዞሩት?»

«ወደ መሬት ነዋ። ወደ ላይ ከሆነ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ይነካካዋል። እኔ ያጠበቅሁትን ሌላ ሰው ሲነካው አልወድም።»

«ሞተሩ ከወረደ በኋላ እዚያ ብሎን ላይ መድረስ ይቻላል?»

«ሞተሩ ካልተነሣ ማንም አይደርስበትም።»

«እንግዲህ ይዩ። የመመለሻው ሁለቱ ወደ መሬት ናቸው፤ የእርስዎ እጅ ነው። የማምጫው ሁለቱ ወደ ላይ ዞረዋል። እነዚህ የታሰሩት ሞተሩ ቦታው ከገባ በኋላ፣ ከላይ ነው።» ቅሪቷን ለሙሐባው ዘረጋችለት። «ይህ ያንተ ቱቦ ነው?»

ሙሐባው በጣቱ አሸት አደረገው። «ኧረ አይደለም። ክር የለውም። ይሄ አትክልት የሚያጠጡበት የውሃ ጎማ ነው። ያንን ግፊት ሃያ ደቂቃ አይችልም።»

«ረቡዕ ግን ቱቦው አንድ ሰዓት ሙሉ ችሏል፤ ሶስና አይታለች። ስለዚህ ጥሩውን ቱቦ በምላጭ ቆርጦ ያወጣ፣ በውሃ ጎማ የተካ ሰው አለ። ይህም የሆነው ጋሽ አድማሴ ጥሊሊ ሳሉ ነው። ሙሐባው ፓዌ ነበር። ሶስና ባሏ እንዳይነዳ የተጣላች ናት።» ወደ ካሳው ዞረች። «አንተ ትናንት ብሎኑ ወደ ላይ መዞሩን ነገርኸኝ። ኮፈኑ የተከፈተው ዛሬ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ጎማው ቢነድድ ብረቱ እንደሚቀር ታውቃለህ፤ ስለዚህ ያልጠየቅሁህን ቀድመህ መለስህልኝ። የሽማግሌ ዐይን ነው ብዬ እንዳልፈው።»

ካሳው እሷን አላያትም። ያየው ሽማግሌውን ነበር።

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለ ዝግ ብሎ። «መጀመሪያ የሚነዱት እርስዎ ነበሩ።»

«ይሄነው ቁልፉን ይዞ ሲመጣስ?» አለች የሻረግ።

«የግቢውን በር የከፈትሁለት እኔ ነኝ። ቀስ ብለህ ንዳ ብየዋለሁ።»

ሶስና ወደ ካሳው ልትሄድ ስትል ሙሐባው ያዛት።

«መቃብሩ ላይስ? ለምን እሳቸው ገደሉት አልህ?»

«ከሞቱ ካመለጡ፣ ልጄን ገደልሁ የሚለውን እንኳ ይዘው ይኑሩ ብዬ ነው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት በሩ ድረስ ዞር አላለም። ጋሽ አድማሴ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሻረግ ነጻ መሆናቸውን፣ በእጃቸው ሥራ ምንም ጉድለት እንዳልነበረ ነገረቻቸው። ነገሩ የሚያቀልላቸው መስሏት ነበር።

«ከምላሴ እጄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «እጅ ይቆረጣል።»

የሻረግ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የእስር ክፍሉ ጠባቂ ሲገቡ የተቀበላቸውን ቀበቶና የጫማ ክር በላስቲክ ይዞ መጣ። ላግዝዎ ብትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀበቶውን ታጥቀው ጎንበስ አሉና ክሩን በቀዳዳዎቹ ማስገባት ጀመሩ፤ አንዱንም ሳይስቱ፣ አንዱንም ሳይደግሙ። የግራውን አሰሩ። የቀኙን አስረው ጫፍና ጫፉን እኩል አደረጉ፣ ባዶውን ላስቲክ አጣጥፈው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።