የጋሽ በላቸው ጀሪካን

የሙት መንፈስ ምናምን ሲወራ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነበርኩ፣ እንዲያውም አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም "ጣራዬ ላይ ኮቴ ሰማሁ" ሲል "አይጥ ነው፣ ወጥመድ ግዛ" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ አፌን ሞልቼ ሳይሆን እያፈርኩ ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ጋሽ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር፣ አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፣ አሮጌ ቶዮታቸውን እንደ ልጅ ነው የሚወዱት። ራዲያተሩ ያንጠባጥባል፣ እሳቸውም እንደ አገር ቤት ሾፌር ከመኪናዋ ኋላ፣ ትራንካቸው ውስጥ አንዲት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተው ይይዛሉ። "ጋሽዬ፣ አሜሪካ እኮ ነው ያሉት፣ ውሃ በየመንገዱ ይሸጣል" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

አንድ የነሐሴ ቅዳሜ ራዲያተሩን እንድደፍንላቸው መጡ፣ ሥራ በዝቶብኝ "ለሳምንት ይቆዩልኝ" አልኳቸው፣ እሺ ብለው ከደንበኞቹ ጋር ጨዋታ ያዙ። እጄ ግሪስ በግሪስ ነበር፣ ቧንቧው ያለው ጓሮ ነው፣ ሰነፍኩ፣ ከትራንካቸው ጀሪካኗን አውጥቼ እስከ ክርኔ ታጠብኩባትና ጨረስኳት። ሞልቼ ልመልሳት ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግን ስልክ ጠራ፣ ባዶዋን መልሼ ትራንኩን ዘጋሁት፣ ረሳሁት።

ሰኞ ከሥራ ሲመለሱ መኪናዋ ሃይዌይ ላይ ፈላች። ጋሽ በላቸው ባዶዋን ጀሪካን ይዘው፣ በዚያ ሙቀት፣ ውሃ ፍለጋ በእግራቸው ሄዱ፣ መንገድ ዳር ወድቀው ተገኙ፣ ልባቸው ነው ተባለ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ "እሱ እኮ ጀሪካኑ ጎድሎ አያውቅም፣ ምን ነካው?" እያለ ሲገረም እኔ አንገቴን ደፍቼ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

ጥቅምት ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ መኪናዋን አስጎትተው መጡ፣ ሎረንስቪል አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት።

"ራይድ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ ታከተው፣ ልጄ። ሰኞ ሺፍቴን ሚስ ካደረግኩ ያባርሩኛል።"

"ዛሬውኑ ይወስዷታል፣ እትዬ" አልኳቸው፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

የፊቱን በር ከውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ሥራ ጀመርኩ፣ ገና ከሰዓት ነው፣ ፀሐዩ በመስኮት ይገባል። ራዲያተሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፣ የታችኛው ጥግ ላይ ጥፍር የማታህል ስንጥቅ አለች። አጽድቼ እየበየድኩ ሳለ ከትራንኩ በኩል ቸብ፣ ቸብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ሲናጥ የሚያሰማውን። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሄጄ ከፈትኩት፣ ያቺው ጀሪካን ናት፣ ከወደቁበት አንስተው የመለሷት፣ አቧራ ለብሳለች፣ ብገለብጣት ጠብ የሚል ነገር የለም። አይጥ ነው አልኩ። ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

ብየዳውን ጨርሼ ገንዳ ውስጥ ነክሬ በአየር ፈተሽኩት፣ አንዲት አረፋ አልወጣችም፣ መልሼ ቦታው አሰርኩት፣ ባዶውን፣ እመኑኝ ባዶውን ነው ያሰርኩት፣ ከዚያ ውሃ ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሦስት ደቂቃ ብቆይ ነው። ስመለስ ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቷል። ክዳኑ ሞተሩ ጎን ተቀምጧል፣ ከሥሩ ጨርቅ አራት ታጥፎ ተነጥፎለታል፣ ልክ ጋሽ በላቸው እንደሚያደርጉት፣ ከትራንኩ እስከ ኮፈኑ ድረስ ደግሞ መሬቱ ላይ የውሃ ጠብታ ተከታትሏል። የፊት በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ በጓሮው በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

"ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ያ ወጥመድ ግዛ ባዩ ሰውዬ። ሞተሩ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ረጅም መንገድ ተነድቶ የቆመ ሞተር ሲበርድ እንደሚለው፣ ከነሐሴ ጀምሮ ያልተነሳ ሞተር።

እትዬ ዘነቡ ሊወስዷት ሲመጡ ቦርሳቸውን ሊያስቀምጡ ትራንኩን ከፈቱ።

"ውይ፣ ጀሪካኑንም ሞላህልኝ! የእሱን ልማድ አልረሳህም፣ ተባረክ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

አልሞላሁትም። ያን ጊዜ ሁሉንም መናገር ነበረብኝ፣ ግን "ምንም አይደል፣ እትዬ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ራዲያተሩ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም፣ እሳቸውም ሥራቸው ላይ ናቸው። በቀደም ግን ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ጀሪካን ያፈስ ይሆን እንዴ? በየቅዳሜው ይጎድላል፣ ሥሩን ብዳብሰው ግን ደረቅ ነው።"

"ብዙ ነው የሚጎድለው?"

"ኧረ ትንሽ ናት። እጅ የምታስታጥብ።"

እስካሁን አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጋራዥ ውስጥ እጄን አልታጠብም፣ ከነግሪሱ ቤቴ እገባለሁ።