ብረት ብረት ያለው ሻይ

አቶ ባህታ ተክለአብ ማክሰኞ ጠዋት ለንደን፣ ኬኒንግተን ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ልጃቸው ዳናዊት ለፖሊስ «አባቴን መርዘውታል» አለች።

ድንገተኛ ሞትን የሚያጣራው መሥሪያ ቤት እታለማሁን ላከ። ሃያ ዓመት በነርስነት ሠርታ ወደ ምርመራ የገባች፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት።

ዳናዊትን ያገኘቻት ደረጃው ላይ ስትወጣ ስትወርድ ነው።

«እሁድ ልጠይቀው መጣሁ» አለች ልጅቷ። «ሻዩን ቀመሰና "ብረት ብረት ይላል" ብሎ አስቀመጠው። ያፈላችው ራህዋ ናት፤ ከእናቴ በኋላ ያገባት። አይ ስዌር፣ ኖርማል አልነበረም።»

«ከራህዋ ጋር ትነጋገራላችሁ?»

«ሃይ እና ባይ።»

«አባትሽ ታመው ነበር?»

«ሳል ብቻ። የሰፈሩ ሐኪም፣ ጂፒው፣ ቀጠሮ የለም አለው።»

ራህዋ ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

«ሻዩ ብቻ ነው ብረት ብረት ያላቸው?» ስትል እታለማሁ ጠየቀቻት።

«ኧረ ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃውም ዳቦውም! ኩባያ ሁሉ ቀየርኩለት።»

እታለማሁ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። በሩ ላይ በውስጥ በኩል የፕላስተር ቁራጭ ቀርቷል፤ ወረቀቱ ግን የለም።

«እዚህ ምን ተለጥፎ ነበር?»

የራህዋ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ከዚያ ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው።

የሟቹ የልብ ወዳጅ አቶ ኣላዛር ከሌላው የለንደን ሰፈር፣ ከሃርልስደን፣ መጥተው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ከባህታ ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። «ለልጅህ ንገራት አልኩት፤ እምቢ አለ» አሉ። «ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

የላብራቶሪው ውጤት ሲደርስ እታለማሁ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች። ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

«መርዝ የለም» አለች። «ውሃውም ዳቦውም ብረት ብረት ካላቸው፣ የተበላሸው ሻዩ ሳይሆን የአፋቸው ጣዕም ነው። አፍን እንዲህ የሚያደርግ አንቲባዮቲክ ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ያገኘሁት ደግሞ ይኼ ነው።» በመቀስ የተቆረጠ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አሳየቻቸው። «የፋርማሲ ካርቶን የለውም፤ የመድኃኒቱ ስም ያለበት ጎንም ተቆርጧል። ከሌላ ሰው የተረፈ ነው።»

«አንቲባዮቲክ ሰው አይገድልም» አለች ዳናዊት፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እየተመላለሰች።

«ብዙውን ሰው አይገድልም። የአባትሽ ልብ ግን፣ የሆስፒታል ፋይላቸው እንደሚለው፣ ከአንድ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት የሚዘገይ ልብ ነበር። ይህ መድኃኒት ሲጨመርበት መዘግየቱ ይብሳል፤ ልብ መምታቱን ትቶ ይርገበገባል። የተከለከሉት መድኃኒቶች ዝርዝር ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ አይደለም ራህዋ?»

«እሷ ስትመጣ አንሺው ይለኝ ነበር» አለች ራህዋ። «ልጄ እንዳትሸበር ብሎ አስምሎኛል።»

«በዘር ይተላለፋል ብለውት ነበር እኮ!» አሉ አቶ ኣላዛር። «የተጣላነው በዚሁ ነው።»

«እንግዲህ ሁለታችሁ ታውቁ ነበር» አለች እታለማሁ። «እያወቀ ሊገድላቸው የሰጣቸው ሰው ማሸጊያውን ኪሳቸው ውስጥ አይተውም። የሰጣቸው የማያውቅ ሰው ነው። ከሦስታችሁ ሳያውቅ የኖረ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዳናዊት መመላለሷን አቆመች።

«ዓርብ... ባለፈው ወር ለእኔ ታዝዞ የተረፈ ነበር። ግማሹን ቆርጬ ሰጠሁት። ሳሉ እንዲሻለው ብዬ።» ማሸጊያውን ከእታለማሁ እጅ ወሰደችው። «ለምን ዋጠው?»

«እምቢ ቢሉ ምክንያቱን ሊነግሩሽ ግድ ይሆንባቸው ነበር።» እታለማሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ተቀመጠች። «ጥፋተኛ ብዬ የምጽፈው ሰው የለም። ግን ንገሪኝ፤ ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ?»

«ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ስዋኝ። የድንጋጤ ነው፣ ፓኒክ አታክ ነው አሉኝ።»

«ያንኑ መድኃኒት አንቺም ባለፈው ወር ወስደሻል። ዛሬውኑ ትመረመሪያለሽ፤ ሆስፒታል ደውያለሁ።»

ራህዋ ሳትጠየቅ ኮቷን አነሳች።

የልብ ምርመራው የአባቷ ችግር ዳናዊትም ላይ እንዳለ አሳየ። ነርሷ ቅጹን እየሞላች የቅርብ ዘመድ ስምና ስልክ ጠየቀቻት። ዳናዊት ስልኳን ከፍታ ፈለገች፤ የራህዋ ቁጥር የላትም።

አጠገቧ ለቆመችው ራህዋ «ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለቻት።

ራህዋ አንድ በአንድ ነገረቻት።