በጥቁር ሰሌዳ የተማርነው ሩጫ

የልጁን የክፍለ ጊዜ ድልድል ልብ ብሎ ያየ ወላጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን «ስፖርት» የሚል ቃል ያገኛል። በእኛ ትምህርት ቤት ሐሙስ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ማንም ከወንበሩ አይነሳም። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ።

ሜዳ አጥተን አይደለም። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንደ እኛ ሰፊ ግቢ ያለው የግል ትምህርት ቤት ብዙ የለም፤ ግማሹን የተሰባበሩ ወንበሮች፣ ግማሹን የመምህራን ሞተር ብስክሌቶች ይዘውታል። ኳስም አለን፤ ስድስት። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ባዬ ከነላስቲካቸው ቆልፈውባቸዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፈራ ተባ እያልኩ ጠይቄያቸው ነበር።

«ለምን ፈለግሻቸው?»

«ልጆቹ እንዲጫወቱባቸው።»

«ከተጫወቱባቸውማ ያልቃሉ!» አሉ ደንግጠው። «ከተረከብኳቸው ስድስት ዓመት ሆነ። እያቸው እስቲ፣ አንድ ጭረት የለባቸውም!»

እውነታቸውን ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የማስተምረው የስፖርትን ታሪክ ሆነ። የጥንት ሰው ምሳው ስለሚያመልጠው ይሮጥ እንደነበር፣ ግሪኮች በኦሎምፒያ መወዳደር እንደጀመሩ፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሰውነት ማጎልመሻ እንደተዳከመ፣ በህዳሴ ዘመን እንደገና ነፍስ እንደዘራና ወደ ትምህርት ቤት እንደገባ አስጻፍኳቸው። ይህን ሁሉ ሳትተነፍስ በቃሏ የምትወጣው የስምንተኛ ክፍሏ ታቢታ ኤርሚያስ ነበረች። ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘች። ሁለቱን ያጣችው ኢትዮጵያ መጀመሪያ የተካፈለችበትን ኦሎምፒክ ከሜልቦርን ወደ ሮም ስለወሰደችው ነው።

አንድ ቀን እኔ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ እያለሁ የታቢታ አባት አቶ ኤርሚያስ መጡ። መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ የመጡት ግን በባጃጅ ነበር። በእጃቸው አሥራ ሁለት ወላጆች የፈረሙበት ማመልከቻ ይዘዋል።

«ስፖርቱ ሒሳብ ይሁንልን» አሉ። «ልጆቹ ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና አለባቸው። ሩጫ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ልጄንም ብያታለሁ፤ ውሻ ሲያባርራቸው ራሳቸው ይሮጣሉ።»

ርእሰ መምህሩ አቶ በኃይሉ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ሰው ናቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ከሁለት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለብን» አሉ። «በስምንት መቶ ሜትር ካሸነፍን ስፖርት ይቆያል፤ ካላሸነፍን ሒሳብ ይግባበት። ይሄ አያጣላንም።» ከዚያ የውጤት ሮስተሩን ሳብ አድርገው በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። «በስፖርት አንደኛ የወጣው ማን ነው? ... ታቢታ ኤርሚያስ! ዘጠና ስምንት! የምትሮጥልን እሷ ናት። እንኳን ደስ ያለዎት!»

አቶ ኤርሚያስ ኮታቸውን አስተካከሉ። ለመከልከል የመጡትን ሰው ኩራት አሸነፋቸው።

ውጤቱ የጽሑፍ ፈተና መሆኑን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን አብሬ አጨበጨብኩ።

በእረፍት ሰዓት ታቢታ መጣች።

«ቲቸር፣ ስምንት መቶ ሜትር ስንት ገጽ ነው?»

«ገጽ የለውም፤ ሁለት ዙር ነው።»

ደብተሯን ዘጋች። «ካቃተኝ ሐሙሳችን ይወሰዳል አይደል? እኔ እኮ ሰሌዳ ላይም ቢሆን እወደዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍል በኋላ በሞተር ብስክሌቶቹ መሀል እየተሽሎከለከልን አብረን ሮጥን። ርቀቱ እንዳያስፈራት በምታውቀው ታሪክ ከፈልነው፤ እያንዳንዱ ሁለት መቶ ሜትር አንድ ዘመን።

የውድድሩ ቅዳሜ ስታዲየሙ ይፋጃል። አቶ ኤርሚያስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ስምንት ልጆች ተሰለፉ፤ ፊሽካው ተነፋ።

ታቢታ በጥንታዊው ዘመን ሁሉንም ቀደመች። የምታድን ሳይሆን የምትታደን ትመስል ነበር። ግሪክ ላይ ስድስተኛ ሆነች። ሁለተኛውን ዙር ጀምራ መካከለኛው ዘመን ላይ ስትደርስ፣ ልክ እኔ እንዳስጻፍኩት የሰውነት እንቅስቃሴዋ እጅግ ተዳከመ። ጎኗን ይዛ መራመድ ጀመረች፤ አንድ እግሯ ከመሮጫው ወጥቶ ወደ ሣሩ አዘነበለ።

ያኔ አቶ ኤርሚያስ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ አጥሩ ወረዱና ጎን ለጎኗ ሶምሶማ ጀመሩ። ማታ ማታ እቤት የሚያስጠኗት እሳቸው ናቸው።

«ታቢ! የት ደረስሽ?»

«መካከለኛው ... ዘመን ...»

«ከሱ ቀጥሎስ?»

«አባዬ፣ አልችልም ...»

«በቃልሽ ትይው የለ እንዴ! ከመካከለኛው ዘመን በኋላ ምን መጣ?»

«ህዳሴ!» አለች እያለቀሰች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እግሯን ወደ መሮጫው መለሰች። የእሳቸው ድምፅ ግን ጠፋ። ዞር ስል አቶ ኤርሚያስ አጥሩን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ውኃ ይዤ ሮጥኩ።

«ምን ሆኑ?»

«ባትሪዬ ... ወርዷል» አሉ ደረታቸውን ይዘው። ከጠጡ በኋላ ቀና አሉ። «ስንት ሜትር ሮጥኩ?»

«አርባ ይሆናል።»

«እሷስ?»

«አሁን ጨረሰች። ስምንት መቶ።»

ከስምንት ልጆች ስምንተኛ ወጥታ ነበር። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ እየሳቀች እያነከሰች መጣችና አባቷን ከላይ ወደ ታች አየቻቸው።

«አባዬ፣ አሁን ውሻ ቢያባርርህስ?»

ሳቁ ቀሪ ትንፋሻቸውን ወሰደው። እኔም ድፍረት አገኘሁ። «ዘጠና ስምንቱ የጽሑፍ ውጤት ነው» አልኳቸው። «ዓመቱን ሙሉ አላስሮጥኳትም። ሜዳውን መጠየቅ ፈርቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ከፊርማዎቹ ደግሞ የመጀመሪያው የእኔ ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አቶ በኃይሉ አዲሱን ድልድል ሲጽፉ በሩ ተንኳኳ። አቶ ኤርሚያስ ነበሩ፤ በእግራቸው መጥተው ላብ አጥምቋቸዋል። ሌላ ማመልከቻ ዘረጉ። ፈራሚዎቹ ያው አሥራ ሁለቱ ናቸው።

«ሐሙስ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ስፖርት ይሁን፤ ሜዳ ላይ።»

«ስምንተኛ ወጥተን?» አሉ አቶ በኃይሉ ግራ ተጋብተው።

«እኔ መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። ፍሬን ሸራ ቢሉኝ አለ፤ ፓምፕ ቢሉኝ አለ። ለሰው ልብ የሚሆን ዕቃ ግን ሱቄ ውስጥ የለም። ባለው መሥራት ነው፤ ካልሠራ ደግሞ ይበላሻል።»

አቶ በኃይሉ የጻፉትን ሰረዙ። ሞተር ብስክሌቶቹ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጋሽ ባዬን ኳስ ጠየቅኳቸው። ላስቲኩን በጥንቃቄ ቀደው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ወላጆች ሆይ፣ ድልድሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፤ ውጤቱንም ብቻ አትጠይቁ። የስፖርት ቀን ማታ የልጃችሁን ጫማ አገላብጡ። አቧራ ከሌለበት ልጃችሁ የተማረው የሌሎችን ሩጫ ነው። መምህራን ደግሞ እንደ እኔ ዝም አንበል።

ባለፈው ሐሙስ ጋሽ ባዬ ኳሷን ሲረከቡኝ እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ጭረት በጭረት ሆናለች» አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ግራ ቀኝ አይተው ማንም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ግድግዳው ለጓት።