«ጥሬ ብር አንቀበልም»

«ወንበሩን ያዥልኝ» አለ ኢዘዲን፣ ከወፍጮ ቤቱ በር በላይ ሚስማር እየመታ። ዊዳድ አልያዘችለትም።

የሚሰቅለው ማስታወቂያ የሞባይል ክፍያ ኮድ ታትሞበታል። ከሥሩ ኢዘዲን ራሱ በማርከር «ጥሬ ብር አንቀበልም» ብሎ ጨምሮበታል።

እናታቸው ፋጤ ናፍጣ ልታመጣ ደብረ ታቦር ስትሄድ «ሁለቱን በአንዴ መልመድ አልችልም። ወይ የስልክ ክፍያውን ወይ የሒሳብ ፕሮግራሙን፤ ተስማምታችሁ ጠብቁኝ» ብላቸው ነበር። ዊዳድ የሒሳቡን መረጠች፤ ናፍጣው ስንቱን እንደሚበላ፣ ወፍጮው መቼ እንደሚከስር የሚያውቅ የለማ። ኢዘዲን ግን ከኮሌጅ ለእረፍት ከመጣ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ስልክ ክፍያ ነው።

«ዝርዝር ፍለጋ መንከራተት ቀረ፣ በቃ።»

«ጥሬ ብሩን ለምን ትከለክላለህ ታዲያ?»

«ካልተከለከለ ማን በስልክ ይከፍላል?»

«የሚያስፈጩት እናቶች ስልክ የላቸውም።»

«ባሎቻቸው አላቸው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«ሙድ አትያዢ። ከጁምዓ ስመለስ እናወራለን» ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። አርብ ገበያ የሚሞቀውም በዚያው ሰዓት ነው።

አህዮች ከነጭነታቸው ደጁን ሞሉት። እትዬ ካሣነሽ ጤፋቸውን አስፈጭተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብር ሊያወጡ ሲሉ አንድ ጎረምሳ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ አነበበው። እጃቸው ባለበት ቀረ።

«በስልክ ነው እንዴ የሚከፈለው?»

«እንደዚያ ይላል» አለች ዊዳድ።

«ስልኩ ባሌ ወገኔ ኪስ ነው ያለው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንቁላል ሸጬ ነው ወፍጮውን የምከፍል። የተረፈችው ለልጄ ለውባለም ደብተር ናት። እሱ ትምህርቷ ይብቃት ካለ ቆየ። ወፍጮውን እሱ ከከፈለው የእንቁላሉን ብር ወዲህ በይ ነው የሚለኝ።»

ውባለም ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ከዊዳድ ጎን ነው የምትቀመጠው።

ዊዳድ ወንበሩን ጎትታ ወጣችበት። ማስታወቂያውን ስትነቅለው ጥጉ ተቀደደ።

«ወንድምሽ ሲመጣ ጉድሽ ይፈላል» አላት ጎረምሳው።

«ይፍላ። ብሩን ይስጡኝ፣ እትዬ።»

ኢዘዲን ሲመለስ ማስታወቂያውን ጆንያ ላይ ተጥሎ አገኘው።

«ማን ፈቅዶልሽ ነቀልሽው?»

«አንተስ ማን ፈቅዶልህ ሰቀልከው? እማ ተስማሙ ነው ያለችው።»

«ደንበኛ ታባርሪያለሽ።»

«ደጁን እየው እስቲ።»

ኢዘዲን ዞሮ አየ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። እያንዳንዷ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣለች። ማስታወቂያውን አነሳና የተቀደደውን ጥግ በጣቱ ያስተካክል ጀመር፤ ወንበሩ ላይ ግን አልወጣም።

ዊዳድ ስልኳን አውጥታ ለሙከራ የጫነችውን የሒሳብ ፕሮግራም ከፈተች። የመጀመሪያው ሳጥን «የደንበኛ ስም» ይላል። ቀና አለች። እትዬ ካሣነሽ ዱቄታቸውን አህያቸው ላይ እየጫኑ ነበር።

የከፈሉትን ወገኔ እንዳያውቅባቸው ሳጥኑን ባዶውን አለፈችው። ከሥሩ «ጤፍ» ብላ ጻፈችና፦

«ቀጥሎ ማን ነው?» አለች።