ከደረጃው ሥር ያለው ቧንቧ

«ይሄን ቤት እንዘለዋለን» አሉ የቁፋሮው አለቃ፣ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ። «መዳብ ነው ይላል።»

ኢንጂነሯ ደብተር የያዘ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቀጥ አለች። የሚዘለለው ቤት የታላቅ እህቷ ነው።

ኢንጂነሯ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ባለፈው ወር ማግኔትና ቁልፍ ይዛ በየቤቱ ስትዞር ያየ ሁሉ እንደዚያ ይጠራት ጀመር። ከተማው የድሮዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች ለመቀየር ሲነሣ የትኛው ቤት ምን ዓይነት ቧንቧ እንዳለው የሚያውቅ ስላልነበረ ምዝገባው ለተማሪዎች ተሰጠ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ውሃ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባበትን ቧንቧ ፈልጎ በቁልፍ ጫፍ መፋቅ፣ ከዚያ ማግኔት ማስጠጋት። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው። ሲፋቅ ከቀላ መዳብ ነው። ማግኔቱ ሳይይዝ እንደ ብር ካበራ ግን እርሳስ ነው፤ ውሃውን የሚመርዘው እሱ ነው። ሃያ ቤት መዝግባ ከክፍሏ ቀድማ የጨረሰችው እሷ ናት። ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ልጆቹ «ቀለሜዋ መጣች» እያሉ ያሾፉባታል። ደስ ይላታል፣ አትደብቀውም።

ውሃ ወደ እህቷ ቤት የሚገባበትን ቧንቧ ግን አላየችውም። አቦ፣ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ሰሃን አጥባለች! ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር ያለው ቧንቧ ቀይ መዳብ መሆኑን ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ስለዚህ ቤቷ ቁጭ ብላ ቅጹን «መዳብ» ብላ ሞላችው።

አሁን ለጎረቤቱ ቤት በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጋደመውን አሮጌ ቧንቧ አየች። ግራጫ ነው። ሁለቱ ቤቶች ደግሞ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ ናቸው። ሮጣ ወደ እህቷ ቤት ገባች።

«ምነው፣ ውሻ አባረረሽ?» አለች እህቷ ከወጥ ቤት።

ኢንጂነሯ አልፋት ወደ ደረጃው ሄደች። ከደረጃው ሥር የታጨቁትን ካርቶኖች፣ የተሰበረውን ማራገቢያ፣ ያረጀውን ምንጣፍ እየጎተተች አወጣች። ከጀርባቸው ከወለሉ ብቅ ያለ ወፍራም ቧንቧ ታየ። በቁልፏ ስትነካው እንደ ሳሙና ተፋቀ፤ ብርማ መስመር አበራ። ማግኔቱን አስጠጋች፤ አልያዘም፣ ወደቀ። አንሥታ ደገመች። አሁንም ወደቀ። ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

እህቷ የሰባት ወር ልጇን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ጡጦ እየበጠበጠች ነበር።

«እንዳትሰጪው!» ብላ ልጅቷ ጡጦውን ነጠቀቻት። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

«አብደሻል እንዴ!»

«እትዬ፣ ቧንቧው እርሳስ ነው።»

«መዳብ ነው ብለሽኝ የለ?»

«ሳላይ ነው የሞላሁት።»

የእህቷ ፊት አመድ መሰለ። «ይሁና፣ እኔ እኮ አፈላዋለሁ» አለች ቶሎ ቶሎ። «አንድም ቀን ሳላፈላ ሰጥቼው አላውቅም!»

ልጅቷ በየቤቱ ስትናገረው የከረመችው ነገር ነው፤ ዛሬ ለእህቷ ደገመችው። «ማፍላት ጀርም ነው የሚገድለው። እርሳሱ እዚያው ይቀራል።»

እህቷ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «በፊት የታሸገ ውሃ ነበር የምገዛለት» አለች የልጇን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስጠግታ። «አንቺ መዳብ ነው ካልሽኝ በኋላ ነው የተውኩት። አንድ ወር ሙሉ።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ልጅቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች።

እህቷ ተነሣችና የሕፃኑን ብርድ ልብስ ፈለገች። «ሐኪም ጋ ወስጄ ደሙን አስመረምራለሁ። አንቺ ሰዎቹ ሳይሄዱ ድረሺባቸው። ቅጽ ተቀያይሮ ነው በያቸው፤ ትምህርት ቤት ስምሽ እንዳይጠፋ።»

አለቃው ዕቃ እያስጫኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ቤት እርሳስ ነው።»

«ዝርዝሩ መዳብ ይላል እኮ፣ ልጄ።»

«ቅጹ...» አለችና ቆመች። ሕፃኑ ከውስጥ አሁንም ያለቅሳል። «ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ቧንቧውን አላየሁትም ነበር።»

አለቃው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። አልተቆጡም። የሃያዎቹን ቤቶች ዝርዝር ወደ እሷ አዞሩት።

«ሳታዪ የሞላሽው ይሄን ብቻ ነው?»

ክው አለች። ይህን አልጠበቀችም። ዝናብ ያስቸገረበት አንድ ከሰዓት ነበር፤ ያን ቀን የሁለት ቤቶችን መልስ ከጎረቤቶቻቸው ቅጽ ገልብጣ ጨርሳ ነበር። ማንም አላያትም፤ ማንም አያውቅም። ከሁለቱ በአንዱ የምትኖረው ልብስ ሰፊ የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አለች።

ዝርዝሩ ላይ ሁለቱን ቤቶች አከበበች። አለቃው ስልካቸውን አውጥተው መደወል ሲጀምሩ እሷ መንገዱን ተሻግራ የልብስ ሰፊዋን በር ታንኳኳ ነበር።