የቃል ጠጠር

የምርጫው ቀን ፀሐይ ደም ለብሳ ወጣች። በትንሿ የዘንጎራ መንግሥት እንዲህ ያለች ፀሐይ የመርዶ ምልክት ናት፤ ዘንድሮ ግን መርዶውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። በየሰባት ዓመቱ እያንዳንዱ ዘንጎራዊ ስሙ የተቀረጸበትን የቃል ጠጠር ከሁለት ጋኖች በአንዱ ይጥላል፤ አንዱ ጋን «ይንገሥ»፣ ሌላው «ይውረድ» ይባላል። ፀሐይ እስክትጠልቅ አንድም ጠጠር ካልወደቀ ሕዝቡ ዝም ብሏልና ንጉሡ እስኪሞት ይገዛል። ንጉሥ ድርሳም ይህችን ሕግ ከጸሎቱ ይበልጥ ያውቃት ነበር።

ጠጠሮቹ በሕዝቡ እጅ አልነበሩም፤ ማንም ግን አልሰረቃቸውም። ሕዝቡ ራሱ ነው የሰጠው! በጦርነቱ ዓመት የአገር ሽማግሌው አብሮጥ አደባባይ ቆሞ፣ «ጠላት ደጃችን ላይ ነው፤ ክፉው ቀን እስኪያልፍ ጠጠራችንን ለንጉሡ አደራ እንስጥ» አለ። ጠጠሮቹ የተሰበሰቡበትን ከረጢትም በንጉሡ ትእዛዝ ራሱ ተሸክሞ ገደሉ ላይ ለሚኖረው ዘንዶ አስረከበ። ክፉው ቀን አለፈ። አደራቸውን የጠየቁ ሦስት ሰዎች ግን ምላሳቸው ተቆርጦ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ተሰቀለ።

የአብሮጥ ልጅ ምህዛ በአባቷ ታፍር ነበር፤ ትወደውም ነበር። «ጠጠሩን ሳልመልስ የምጠጣው ውሃ ደም ይሁንብኝ!» ብላ ማለችና በምርጫው ቀን ጠዋት ከእሱና ከሁለት ጦረኞች ጋር ገደሉን ወጣች። ጦረኞቹን የንጉሡ ዘበኞች በቀስት ጣሏቸው፤ አንዱ እናቱን እየጠራ ወደቀ። አባትና ልጅ ግን ሳይታዩ አመለጡ።

ዘንዶው ከረጢቱ ላይ ተጠምጥሞ አገኙት። ምህዛ የወረወረችበትን ጦር በጥርሱ ሰብሮ ሳቀ።

«እኔ አደራ በላ አይደለሁም» አለ። «ያስረከበኝ ሰው በከረጢቱ ፈንታ ከገባልኝ እመልሳለሁ። የሚገባው ግን ሆዴ ውስጥ ነው።»

«አባዬ፣ አይሆንም! ሌላ መንገድ እንፈልግ!»

«ልጄ፣ ፀሐይዋን እያት። ሌላው መንገድ ያኔ አደባባይ ላይ ነበር፤ እኔ ዘጋሁት።»

ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና ገባ። ዘንዶው ከረጢቱን ለምህዛ ለቀቀላትና አባቷን ሳይቸኩል በላው። ምህዛ ጆሮዋን መድፈን ፈለገች፤ እጆቿ ግን ከረጢቱን ይዘው ነበር።

ከረጢቱን በአባቷ ጋቢ አዝላ፣ ሕፃን የተሸከመች መስላ በዘበኞቹ መሃል አለፈች። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት አደባባይ ደረሰች። ሕዝቡ እየተሻማ የየራሱን ጠጠር ወስዶ ጣለ፤ «ይንገሥ» በሚለው ጋን ውስጥ ሰባት ብቻ ተገኘ። ድርሳምን የገዛ ዘበኞቹ ዘውዱን ከነፀጉሩ ነቀሉት።

እልልታው ሲበርድ ሰዎቹ ጠጠሮቹን ሰብስበው ወደ ከረጢቱ መለሱና ከምህዛ እግር ሥር አኖሩት። አንድ አዛውንት ተንበረከኩ።

«እመቤቴ፣ ካንቺ የበለጠ የሚታመን የለንም። እስከሚቀጥለው ምርጫ አደራውን አንቺ ጠብቂልን!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ምህዛ ከረጢቱን አንስታ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«አባቴን የበላው ይህ አደራ የሚሉት ቃል ነው! ጎንበስ በሉና የየራሳችሁን ልቀሙ!»

አፍረው ጎንበስ አሉ፤ ስማቸውን እየፈለጉ ለቀሙ። በመጨረሻ ሦስት ጠጠሮች ቀሩ። ሁለቱን የጦረኞቹ እናቶች ወሰዱ። የአባቷ ስም የተቀረጸበትን ሦስተኛውን ለማንሳት ግን የምህዛ እጅ እምቢ አላት።